የጤነኛዋ መኪና ጠያቂዎች

መኪናችን ምንም አልሆነችም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መካነ ሰላም ውስጥ እስካሁን የሚያምነኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው፤ እናንተ ከሩቅ ስላላችሁ ምናልባት ታምኑኝ ይሆናል። ኮፈኗ በተከፈተበት ዕለት ጠዋት ቁልፏን አንዴ ጠምዘዝ ሳደርገው ነው የተነሣችው። ጭሷ ልከኛ፣ ዘይቷ የማይጎድል፣ ውሃዋ የማይፈላ፣ ዕድሜ የጠገበች የናፍጣ ፒክአፕ ናት። እኔ በዕድሜ ብዙም አልበልጣትም፤ ግን በብርድ ጠዋት እንደ እሷ በአንድ ጥሪ ተነሥቼ አላውቅም።

ደግሞም የእኔ አይደለችም፤ የታናሽ እህቴ የሰዓዳ ናት። ሰዓዳ ሳዑዲ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ባጠራቀመችው ገዝታ ለእኔ አስረከበችኝ። እኔም ወደ ወረኢሉ ድንችና በግ፣ ወደ ገበያ ደግሞ ሰው እያመላለስኩባት ከእናታችን ጋር እንኖራለን። ታላቅ ወንድም የታናሽ እህቱን መኪና ሲነዳ «የማን ናት?» ያሉት እንደሆነ «የቤታችን ናት» ይላል። እኔም እንዲያ ነው የምለው።

ሰዓዳ መኪናዋን በስልክ ፎቶ እንጂ በዓይኗ አይታት አታውቅም። ከሄደች ጀምሮ አልተመለሰችም። በየዒዱ «ለሚመጣው ዒድ እመጣለሁ» ትላለች፤ ዒዱ ይመጣል፣ እሷ አትመጣም። እናታችን ከዒዱ በግ «ይሄ የሰዓዳ ነው» ብላ ሥጋ ለይታ ቋንጣ ታደርጋለች። ቋንጣው ሲከርም እኛው እንበላዋለን፤ እናታችን ግን አትቀምሰውም።

ዘንድሮ ደውላ «የዘንድሮው የምሬን ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ኮምቦልቻ ድረስ መጥተህ በራሴ መኪና ትወስደኛለህ። እማ ግቢ የምገባው በራሴ መኪና ነው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከኮምቦልቻ መካነ ሰላም ያለውን መንገድ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀውን አላህ አያሳውቀው። ስልኩን ከዘጋሁበት ደቂቃ ጀምሮ መኪናዋ መንገዱ የሚያልፍበት አምባ ላይ በነፋስ መካከል ቀጥ ብላ፣ ሰዓዳ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ኮፈን ውስጥ አንገቴን ቀብሬ ይታየኝ ጀመር። ተፈጥሮዬ ነው፤ ነገር ሲሰምርልኝ ነው የሚጨንቀኝ። በዚያ ላይ ስልኬ ላይ አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ስለ መኪና ሲያስተምር አይቼ ነበር። «መኪና እስኪበላሽ አይጠበቅም፤ የሚጠገነው ሳይበላሽ ነው» ይላል ሰውዬው። በተለይ ሞተሩ ውስጥ ያለው ቺንጋ የሚሉት ቀበቶ ካረጀ አንድ ቀን ያለ ምልክት ብጥስ ብሎ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል አለ። ያለ ምልክት የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። መኪናችን ደግሞ ምንም ምልክት አልነበራትም፤ ስለዚህ ነገሩ የባሰ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ መካኒካችን ጋሽ ይማም ዘንድ ነዳኋት። ጋሽ ይማም ሰፊ ሆዳቸውን በዘይት የጠቆረ ቱታ ውስጥ ከትተው፣ መኪና ሲገባ ከድምፁ ብቻ በሽታውን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ግማሽ ጊዜ አይሳሳቱም። የእኔዋን አዳመጡና ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ምኗን አማት?»

«ምንም አላመማትም።»

«ጉልበት አነሳት?»

«ኧረ ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የምትወጣው።»

«ታዲያ ምን ልሁንልህ ብለህ መጣህ?»

«ቺንጋዋ ሳይበጠስ እንዲቀይሩልኝ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።»

«እሱ እኮ ጭስ ጭስ ለሚሸት ነገር ነው» አሉ ጋሽ ይማም። «ይቺ ምንም አልሸተተችም። ልጄ፣ ይሄ ሟርት ነው። ጤነኛ እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ ቅደዱልኝ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

የእህቴን መምጣትና የመንገዱን ነገር ሳስረዳቸው ለዘብ አሉ። የእሳቸው ግቢ በአንድ ተገንጥሎ በተኛ የጭነት መኪና ተይዞ ስለነበር እኛ ግቢ መጥተው ሊሠሩልኝ ተስማማን። የግማሽ ቀን ሥራ ነው ተባባልን። እኔም ከሰዓት በኋላ በግ ከሚያስጭን ሰው ጋር ተቀጣጥሬ ነበር። ያ ሰውዬ በጉን በአህያ ኋላ እየነዳ መሄዱን ኋላ ሰማሁ።

ጋሽ ይማም አንድ ሃይማኖት አላቸው፤ ከእስልምናቸው ቀጥሎ ማለቴ ነው። እሱም «ከተፈታ አይቀር» ይባላል። ቺንጋው ጋ ለመድረስ ራዲያተሩ መውረድ ነበረበት። ወረደ። «ራዲያተሩ ከወረደ አይቀር የውሃ ፓምፑን እንየው» አሉ። አየነው፤ ደህና ነው። «ደህና ነው፤ ግን እሱ ከወጣ አይቀር ከኋላው ያለውን እንየው።» ከኋላው ያለውም ደህና ነበር። እያንዳንዱን ዕቃ ወደ ፀሐይ አንሥተው ያገላብጡና «ማሻ አላህ፣ አዲስ ነው» ብለው ጆንያ ላይ ያስቀምጡታል። እኔም እያንዳንዱ ዕቃ ጤነኛ በሆነ ቁጥር በሽታው በቀጣዩ ውስጥ ተደብቋል ብዬ እሰጋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸው ከመፍታት እኔም ከማስፈታት አልቦዘንንም።

በዚህ መካከል ሰዓዳ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። ማዳሟ ፈቃድ ከልክላታለች፤ ለዘንድሮው ዒድ አትደርስም፤ ለሚመጣው ግን ኢንሻ አላህ። እናታችን ስልኩን ተቀብላ «ይሁን ልጄ፣ ዋናው ጤና ነው» አለቻት። ስልኩን መለሰችልኝና ባቄላ ትፈለፍል ወደነበረበት ተመለሰች። የፈለፈለችውን ከልጣጩ ጋር ቀላቅላ ስትደፋው አየኋት።

ጋሽ ይማም ወሬውን ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑ። እጃቸውን በቱታቸው ጠረጉና «እንግዲህ ጊዜ ካገኘን ቴስታታውንም እናንሣው» አሉ። ቴስታታ ማለት የሞተሩ ራስ ነው። ተነሣ። ራሱን ያጣ ሞተር መኪና ውስጥ ምን ይሠራል ተባለና ሦስት የባሕር ዛፍ እንጨት አቁመን በሰንሰለት አወጣነው። እንዲህ እንዲህ እያለ በግማሽ ቀኑ ሥራ ላይ ጨረቃ ተወልዳ ሞላች፤ መኪናችንም ከጎማዋና ከመሪዋ በቀር ሁለመናዋ ጆንያ ላይ ተኛ።

እንግዲህ ጥየቃው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። እኛ አገር የታመመ ያለበትን ቤት ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። ይቺ መኪና ደግሞ የማንን ሙሽራ አላመጣችም፣ የማንን ምጥ ሐኪም ቤት አላደረሰችም። ቀድመው የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ወተት በሌላው የጸበል ጀሪካን ይዘዋል።

«ወተቱ ለማን ነው፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ፤ ባዶ እጄን በሽተኛ ቤት አልገባም ብዬ ነው። ምን አገኛት?»

«ምንም አላገኛትም። ለጥንቃቄ ነው።»

እትዬ ብርቄ ዓይኔን አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አዎ ልጄ፣ የእኔንም ባል ለጥንቃቄ ነው ነበር ያሉት» አሉ። ከዚያ ጀሪካኑን ከፈቱ። ጋሽ ይማም ከተቀመጡበት በዚያ ሰውነት ይነሣሉ ብዬ ባልጠበቅሁት ፍጥነት ተነሥተው የሞተሩን ክፍት አፍ በኩታቸው ሸፈኑ።

«በውጪ በኩል ይርጩት፣ እትዬ። ወደ ውስጥ ውሃ አይገባም።»

«ጸበል የማይገባበት የት አለ?»

«ሞተር ውስጥ» አሉ ጋሽ ይማም። በመጨረሻ ጎማዎቹ ተጠመቁ፤ ወተቱን እኔ ጠጣሁት። በማግስቱ ሰፈሩ ተጠራርቶ መጣ። አንድ ሐጂ ሞተሩ ላይ ዱአ አደረጉ፤ እትዬ ብርቄም እጃቸውን ዘርግተው አሜን አሉ፤ አንዱ ሙዝ አመጣ፣ አንዷ ዳቦ አመጣች። «ምንም አልሆነችም» ስል ሁሉም «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያለ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል።

ቀጥሎ ዝናብ መጣ። ዕቃው እንዳይዝግ ጋሽ ይማም ግቢያችን መካከል ሰማያዊ ሸራ ወጠሩ። ጠያቂ ቆሞ አይዋል ተባለና ከዕድሩ አግዳሚ ወንበር መጣ። አስቡት እንግዲህ፤ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ፒስቶን ያያሉ። በመንገድ የሚያልፍ አንድ የማላውቀው ገበሬ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ገባ፤ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ቆየት ብሎ «አላህ ያጥናችሁ» ብሎኝ ወጣ። አሜን አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ጋሽ ይማም በዚህ ጊዜ የሞተሩ ራስ ፊቱ በማሽን መስተካከል አለበት አሉ። ያ ማሽን ያለው ደሴ ነው። ከእኛ ከተማ ለበሽታው መድኃኒት ሲጠፋ ሰው ሪፈር ተብሎ ወደ ደሴ እንደሚሄደው፣ የእኛዋም ሪፈር ተባለች። ቴስታታውን በእናታችን ጋቢ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት እስከ ወረኢሉ ድረስ ጥቅሉን እያየች ከንፈሯን ስትመጥ ነበር።

የእትዬ ብርቄ ልጅ ትርንጎ ከሰዓዳ ጋር አንድ ከተማ ነው የምትሠራው። እትዬ ብርቄ የዚያኑ ዕለት ለልጃቸው «እነሰዓዳ ቤትማ ጭንቅ ላይ ናቸው፤ ደሴ ሪፈር ተብለው ነው፤ አገር እየጠየቃቸው ነው» ብለው ነገሯት። እሳቸው «መኪና ብያለሁ» ብለው በማርያም ይምላሉ። ትርንጎ ደግሞ «መኪና የሚባል አልሰማሁም» ትላለች። ለነገሩ ብትሰማስ? ወሎ ተወልዳ ያደገች ልጅ እንዴት ብላ ታምናለች?

ይህን ነገር ላስረዳችሁ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ባሕር ተሻግሮ ላለ ሰው አይነገርም። ብቻዋን ናት፣ ማን ያጽናናታል ይባላል። አባታችን ያረፈ ጊዜ አገሩ ሁሉ ተስማምቶ ለሰዓዳ «ትንሽ ደከም ብሎት ተኝቷል» እያለ አንድ ዒድ አለፈ። ስለዚህ ውጭ ያለ ልጅ «ሁሉም ደህና ነው» ሲባል ልቡ ዝቅ ይላል፤ «በጣም ደህና ነው» ሲባል ማልቀስ ይጀምራል። ትርንጎ የሰማችውን ነግራት ኖሮ፣ ደሴ ሳለሁ ሰዓዳ ደወለች።

«እማ እንዴት ናት?»

«በጣም ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አቅርብልኛ።»

«እኔ ደሴ ነኝ።»

«ደሴ ምን ወሰደህ?»

«መኪናዋን ብዬ ነው።»

«መኪናዋ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም።»

 እኔም የተናገርኩትን ከእሷ ጋር መልሼ ስሰማው እኔንም አላሳመነኝም። «እሺ ጋሼ» አለችኝ በቀስታ። ሰዓዳ በቀስታ የምትናገር ልጅ አይደለችም።

ከደሴ እንደተመለስኩ እናታችንን በዓይኗ እንድታይ በቪዲዮ ደወልኩላት። ብልህ መሆኔ ነው። ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ ወደ ግቢ ገባሁ፤ እናታችን ከሸራው ሥር፣ በወንበሮቹ ጫፍ ላይ ነበረች። ስልኩ ግን ወደ እሷ እስኪዞር መጀመሪያ ሸራውን አሳየ፤ ቀጥሎ ወንበሮቹን፤ ቀጥሎ አንገታቸውን የደፉትን ሽማግሌዎች፤ ቀጥሎ እትዬ ብርቄ ናፍጣ የገባበት ዓይናቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ አሳየ። «ያቻት እማ» ብዬ ላዞረው ስል ኔትወርኩ ሄደ። የእኛ ከተማ ኔትወርክ መቼ እንደሚሄድ ያውቃል። ሲመለስ የሰዓዳ ስልክ አይነሣም፤ በማግስቱም አይነሣም።

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አሉ ጋሽ ይማም። እኔ ግን ልቤ ፈራ። ልጅቱ እዚያ በሰው አገር እናቷን እየቀበረች እንደሆነ ገባኝ። እናታችን እዚሁ ፊቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ ለሰዓዳ ግን ሞታለች። መምጣቷ አይቀርምና ቶሎ ገጣጥመን ኮምቦልቻ ልቀበላት ብዬ ጋሽ ይማምን አጣደፍኳቸው። ከፈታነው ዕቃ ውስጥ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ ግን መግባባት አልቻልንም።

ሰዓዳ መካነ ሰላም መናኸሪያ ስትወርድ እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ብሎን እየፈለግሁ ነበር። ቀጥሎ ያለውን እየሰበሰብኩ ያገኘሁት ከሰው ነው። ጥቁር ለብሳ፣ «እማዬ» እያለች ከሚኒባስ ወረደች። ከዓረብ አገር እያለቀሰች የመጣችን ልጅ ማን ሞተብሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቁስል መነካካት ነው። መጀመሪያ የሻይ ቤቷ ሴትዮ አቀፈቻትና አለቀሰች። ሸክም ያወረዱት ተከተሉ፤ ከገበያ የሚመለሱት ተጨመሩ። ኋላ ያለው ፊት ያለውን «ማን ነው ሟቹ?» ይለዋል፤ «እኔ እንጃ፣ ብቻ ከባድ ነው» ይለዋል። እንዲህ እያሉ ለቅሶውን ይዘው ወደ እኛ ሰፈር መጡ።

እናታችን ለቅሶ ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት። ድምፁን ስትሰማ ሽንኩርቱን ጣል አደረገች፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አሰረች፤ «ማን ይሆን ምስኪን» ብላ በሩ ላይ ሳትደርስ እንባዋ ቀደማት። የለቅሶው ሰልፍ በራችን ላይ ነበር። ሰዓዳ ዓይኗ በእንባ ተጋርዶ የመጣውን ሁሉ አንገት እያቀፈች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈች፣ እናታችን አንገት ላይ ደረሰች። እናታችንም ይቺን ፊቷን ሻሽ የሸፈነባትን ለቀስተኛ እቅፍ አድርጋ አብራት አነባች።

«አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ። ማን ነው የሞተብሽ?»

«እማ ናት» አለች ሰዓዳ።

«ውይ፣ ውይ፣ እናት። እናትማ አይወጣልሽም። የት ሰፈር ናቸው?»

«እዚህ ናታ፤ ይሄው ቤታችን።»

እናታችን እቅፏን ሳትለቅ ቀና ብላ ቤቱን አየችው። የእኛው ቤት ነው። ልጅቱን ትከሻዋን ይዛ ራቅ አደረገቻትና ሻሹን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። እኔ ከመኪናው ሥር ግንባሬን ዘይት ነክቶት ወጥቼ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ለቅሷቸውን አቋርጠው ይተያያሉ። ኋላ ያሉት ግን ያልሰሙ ስለነበሩ ለቅሷቸውን ቀጥለዋል።

«እኔ ነኝ የሞትኩት?» አለች እናታችን።

ሰዓዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወደቀች ብል ይሻላል። የእናታችንን እግር አቅፋ ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች ለመለየት አልተቻለም። እኔም አለቀስኩ፤ ዘይቱ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ። ሰዉን ወደ ውስጥ አስገባነው፤ መቼም ሸራውም ወንበሩም ተዘጋጅቷል። ሰዓዳ ከእናታችን ጎን ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ስትቆይ፣ ቀና ስትል አፏን ከፍታ የቆመችውን ፒክአፕና ጆንያ ላይ የተዘረጋውን ሆድ ዕቃዋን አየች።

«መኪናዬ ይቺ ናት?» አለች። «ምን ሆና ነው?»

«ምንም አልሆነችም» አለ ግቢው በሙሉ።

 ሐጂው መርቀው፣ እትዬ ብርቄ ሦስቴ ይቅርታ ጠይቀው፣ ለቀስተኛው ዳቦውን መቁረስ ሲጀምር ነው እናታችን ወደ ልጇ ዞር ያለችው።

«ሰዓዳ፣ በደህናዬ በየዒዱ ጠብቄሽ ቀረሽ። ሞተች ሲሉሽ ግን ነፋስ ሆነሽ መጣሽ። እንዴት ነው ይሄ ነገር?»

ሰዓዳ አንገቷን ደፋች። «ማዳም ለዒድ አትለቅም፣ እማ። ስንቴ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ። እናቴ ሞተች ስላት ግን ራሷ ናት ሻንጣዬን ያዘጋጀችልኝ።»

 እናታችን የልጇን ሻሽ አስተካከለችላት።

«እንዲያ ከሆነ በየዓመቱ ዒድ ሲደርስ እሞታለሁ» አለቻት። «አንቺ ብቻ ነይ።»